ሰንጢው ከማን እጅ መጣ?

ሰንጢ ሲባል አዲስ አበባ ያደገ ልጅ አእምሮ ውስጥ ቶሎ የሚመጣው ፍተሻ ነው። ወይ ደግሞ መብራት በጠፋበት ቅያስ ላይ ስልክ የሚነጥቅ ሰው። ባንክ በር ላይ፣ ስታዲየም መግቢያ ላይ፣ መናኸሪያ ላይ ቦርሳችሁ ውስጥ ሰንጢ ከተገኘ ወሬው ይረዝማል፤ «ብርቱካን ልልጥበት ነው» ብትሉ ማን ይሰማችኋል? በፈታሹም አይፈረድም። ከተማ ውስጥ የሰንጢን ስም ያጠፉት ያዦቹ ናቸው።

ከከተማ ወጣ ሲባል ግን ነገሩ ሌላ ነው። ከአዲስ አበባ ተነስታችሁ፣ ጅማን አልፋችሁ፣ የጎጀብን ወንዝ ተሻግራችሁ ካፋ ዞን ስትገቡ፣ ስለት ያለው ነገር በአጠገቡ የሌለ ገበሬ ማግኘት ይከብዳል። ቦንጋ ለመድረስ ወደ 460 ኪሎ ሜትር መንገድ ነው፤ የመጨረሻው ክፍል በጫካና በኮረብታ መሃል የሚጠማዘዝ። እዚያ ገጀራ የመንገድ መክፈቻ ነው፣ ማጭድ የሣርና የእህል ነው፣ ቢላዋ የጓዳ ነው። ትንሿ ስለት ደግሞ፣ ታጥፋ ኪስ የምትገባውም ሆነች በቆዳ ሰገባ ወገብ ላይ የምትንጠለጠለው፣ የሁሉ ነገር ናት። የእንሰት ቅጠል ይቆረጥባታል። ቀፎ ዛፍ ላይ የሚታሰርበት ሐረግ ይላጥባታል። የሸንኮራ አገዳ ይላጥባታል። እግር ላይ የተሰካ እሾህ ይወጣባታል። ማር ቆራጩም ቢሆን ረጅም ዛፍ ላይ ወጥቶ፣ በአንድ እጁ ቅርንጫፍ ይዞ፣ በሌላው ሰፈፉን የሚለየው ትልቅ ገጀራ እያወዛወዘ አይደለም።

እኔ ሰንጢን ያወቅሁት በአያቴ በኩል ነው። ጋቢውን ገለጥ አድርጎ ሰንጢውን ካወጣ የሚካፈል ነገር አለ ማለት ነበር፦ ብርቱካን፣ ትርንጎ፣ አንዳንዴ የተጠበሰ ሥጋ። ልጆቹ ድምፁን ስንሰማ፣ ያቺን «ቀጭ» የምትለዋን፣ ከያለንበት እንሰበሰባለን። ስለዚህ ሰንጢ የሚሰበስቡ ሰዎች እንዳሉ፣ በዚያውም ጓደኝነት እንደሚፈጥሩ ስሰማ ብዙም አልገረመኝም።

በዓለም ላይ እነዚህ ሰዎች ብዙ ናቸው። ፈረንሳይ ውስጥ ሳቮይ በምትባል ተራራማ አካባቢ ጆሴፍ ኦፒኔል የተባለ የብረት ሠሪ ልጅ በ1890 እ.ኤ.አ. የእንጨት እጀታ ያላት ቀላል ሰንጢ ሠራ። ገበሬው ኪሱ ከቷት ሄደ፤ ዛሬ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኗት ቅርጿ ብዙም ሳይለወጥ ትሸጣለች። ጀርመኖች ደግሞ በ1900ዎቹ መጀመሪያ ዞሊንገን በምትባል የስለት ከተማቸው «ኦካፒ» የምትባል ርካሽ ሰንጢ ሠርተው ወደ አፍሪካ ቅኝ ግዛቶቻቸው መላክ ጀመሩ። ያቺ ሰንጢ ከጌቶቿ ይልቅ አፍሪካውያኑን ወደደች መሰለኝ፤ ዛሬ የምትመረተው ደቡብ አፍሪካ ነው።

ለእኛ በጣም የሚቀርበው ግን የጃፓን ታሪክ ነው። «ሂጎኖካሚ» የምትባል፣ ከአንድ ላሜራ የታጠፈ እጀታ ያላት ትንሽ ሰንጢ አለቻቸው፤ ከ1890ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሚኪ በምትባል የአንጥረኞች ከተማ የምትሠራ። አንድ ዘመን ላይ የጃፓን ተማሪ ሁሉ እርሳሱን የሚቀርጸው በእሷ ነበር። በ1960 እ.ኤ.አ. አንድ የ17 ዓመት ወጣት የሶሻሊስት ፓርቲውን መሪ ኢነጂሮ አሳኑማን መድረክ ላይ በአጭር ሰይፍ ወግቶ ገደለ። ልብ በሉ፣ በሰይፍ ነው። ከዚያ በኋላ ግን ልጆች ምንም ስለት እንዳይዙ አገር አቀፍ ዘመቻ ተነሳ፤ ሰንጢዋም አብራ ተወገዘች። ሠሪዎቹ አንድ በአንድ ወናፋቸውን አጠፉ። ዛሬ በስሙ የመጠቀም ሕጋዊ መብት ይዞ የቀረው አንድ ቤት ብቻ ነው። ያንን ቤት በሕይወት ካቆዩት ውስጥ ደግሞ ሰብሳቢዎቹ አሉበት፤ ሰንጢዋን ለእርሳስ የማይፈልጓት፣ ግን ሠሪውን ስለሚያውቁት የሚገዙ ሰዎች።

አውሮፓ ውስጥ አንድ ደስ የሚል ልማድም አለ። ለወዳጅ ሰንጢ በስጦታ አይሰጥም፤ ወዳጅነትን ይቆርጣል ይባላል። ታዲያ ሰጪው መስጠት ከፈለገ ተቀባዩ አንዲት ሳንቲም ይከፍለዋል፤ «ገዛሁህ እንጂ አልተቀበልኩህም» ለማለት። አንዳንዱ ሰጪ ሳንቲሟን ራሱ ከሰንጢው ጋር አብሮ ያስቀምጥለትና መልሶ ይቀበለዋል። ዘዴኛ ናቸው። እኛ ጋ ደግሞ ቃሉ ራሱ ቀድሞ ነገሩን ይዞታል፦ በአማርኛ «ስለት» የቢላዋ አፍ ነው፣ «ስለት» ለእግዚአብሔር የሚሰጥ ቃል ኪዳንም ነው። የሚቆርጠውና የሚያስረው በአንድ ስም ይጠራሉ።

እንግዲህ ወደ ካፋ እንመለስ። እዚያ የሚሰበሰበው ምንድን ነው?

በፋብሪካ ቀለም ያማረ ሰንጢ ከፈለጋችሁ ቦንጋ ድረስ መሄድ አያስፈልግም፤ ከውጭ የገባው መርካቶ ሞልቷል። ሊያዝ የሚገባው አገሬው የቀጠቀጠው ነው። ቁሱ ብዙ ጊዜ ባሌስትራ ነው፤ አዎ፣ የመኪና ባሌስትራ። ያረጀ አይሱዙ ጋራዥ ውስጥ ሲበተን ከሥሩ የሚወጣው ያ የተቆለመመ ብረት ለአንጥረኛ ወርቅ ነው፤ ምክንያቱም ከመቶ ግማሽ ገደማ ወይም ትንሽ በለጥ ያለ ካርቦን ስላለው ሲጋል ይታዘዛል፣ ውሃ ሲጠጣ ይጠነክራል። የሕንፃ ፌሮ እንዲህ አያደርግም። ፌሮውን ብትስሉት ለጊዜው ይቆርጣል፣ ሁለተኛው ሽንኩርት ላይ ይዶለዱማል።

ከመኪናው በፊትስ? ከመኪናው በፊት ብረቱ ከአፈር ነበር የሚወጣው። በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ብረት ማቅለጥ ረጅም ዕድሜ ያለው ሙያ ነው። ከካፋ በስተደቡብ ኦሞን ተሻግሮ ያሉት የዲሜ ሰዎች ቀይ ድንጋዩን በከሰል እቶን እያቀለጡ ለጎረቤቶቻቸው ሁሉ ብረት ያቀርቡ እንደነበር ተመራማሪዎች ጽፈውታል። ርካሽ የውጭ ብረት ሲገባ እቶኑ ጠፋ፤ መዶሻው ግን ቀረ።

መዶሻው የሚሠራበትን ቦታ አይታችሁ ካላወቃችሁ፣ ብዙ ነገር አትጠብቁ። ሣር ወይም ቆርቆሮ የለበሰ ትንሽ ጥላ ነው። መሬት ላይ የተቆፈረች ምድጃ፣ ሁለት የፍየል ቆዳ ወናፍ፣ መስፍ፣ ጉጠት፣ አንድ ሁለት መዶሻ፣ ውሃ የያዘ ገንዳ። በቃ። ወናፉን ብዙ ጊዜ የሚነፋው ልጅ ነው። ቀሪው ሁሉ ዓይን ውስጥ ነው። ቴርሞሜትር የሚባል የለም፤ ብረቱ የደረሰበትን ሙቀት የሚነግረው ቀለሙ ነው። ጥቁር ቀይ ከሆነ ገና ነው። ወደ ብርቱካንማ ሲጠጋ ይቀጠቀጣል። ወደ ነጭነት ሄዶ ብልጭታ መርጨት ከጀመረ ብረቱ ተቃጥሏል፣ ይጣላል። ለዚህ ነው አንጥረኞች ከፀሐይ ይልቅ ጥላ ውስጥ መሥራት የሚወዱት፤ በፀሐይ ብርሃን የፍም ቀለም ያሳስታል።

በጣም የምትከብደዋ ቅጽበት መጨረሻ ላይ ነው የምትመጣው። ቅርጹ የያዘው ስለት እንደገና ይግልና ውሃ ውስጥ ይነከራል። «ጭስስ» ይላል። አሁን ብረቱ እንደ መስታወት ጠንካራ ሆኗል፤ እንደ መስታወትም ይሰበራል። ስለዚህ ተፈግፍጎ ቀስ ብሎ እንደገና ይሞቃል፣ ፊቱ ላይ የገለባ ቢጫ ቀለም እስኪሮጥ ድረስ። ቢጫው አልፎ ሰማያዊ ከሆነ ደግሞ ለስልሷል፣ ለምንጭ ይሆናል እንጂ ለስለት አይሆንም። ይሄ ሁሉ የሚሆነው በጥቂት ሰከንዶች ውስጥ ነው። አንድ ሰው ይህን በዓይኑ ለይቶ ለማወቅ ስንት ስለት ሰብሮ ይሆን? እኛ የምንከፍለው ዋጋ ውስጥ እነዚያ የተሰበሩት የሉበትም።

እዚህ ላይ የፋብሪካ ሰንጢና የእጅ ሰንጢ መንገዳቸው ይለያያል። የፋብሪካው ሲዶለዱም ይጣላል፤ ሻጩን ዳግም አታዩትም። የእጅ ሥራው ግን ሲዶለዱም ይመልሳችኋል። ልትሳሉት፣ እጀታው ሲላላ ልታስጠብቁት፣ ጫፉ ሲሰበር እንደገና ልታስቀጠቅጡት ወደ ሠሪው ትሄዳላችሁ። በድሮው የገጠር ሥርዓት አንጥረኛው ለእያንዳንዱ ሥራ ገንዘብ አይቀበልም ነበር፤ ብዙ ቦታ ገበሬው ዓመቱን ሙሉ ማጭዱንና ማረሻውን እያመጣ ያሠራል፣ አዝመራው ሲገባ ደግሞ በእህል ይከፍላል። ደንበኛ ይባባላሉ። ልጅ ከአባቱ ደንበኛውን ይወርሳል። ሰዎችን ያገናኘው የብረቱ መዶልዶም ነበር ማለት ነው። በተለይ ከመስቀል በፊት፣ ካፋም እንደ ሌላው ደቡብ ሥጋ የሚቆርጥበት ወቅት ሲደርስ፣ ስለት ያለው ሁሉ ሞረድ ይፈልጋል።

እስከዚህ ድረስ ደስ የሚል ታሪክ ነው። አሁን ደስ የማይለው ይመጣል፤ እሱን ዘልዬ ስለ ጓደኝነት ብጽፍ ውሸት ይሆንብኛል።

ደንበኛው ሰንጢውን ኪሱ ይከታል፤ ሠሪውን ግን ቤቱ አያስገባም ነበር። በካፋ አንጥረኞቹ ቀሞ ይባላሉ። ከእነሱ ጋር ጋብቻ የማይታሰብ ነበር፤ ቀሞ የቀሞን ልጅ ያገባል፣ ሌላው ሌላውን። ከዚያ በታች ደግሞ በአደን፣ በማገዶና በከሰል የሚተዳደሩት ማንጆዎች አሉ፤ እነሱ ላይ የደረሰው መገለል ከሁሉም የከፋ ነው፦ አብሮ አለመብላት፣ ከአንድ ዕቃ አለመጠጣት፣ ደጃፍ ላይ ማቆም። ዲና ፍሪማንና አሉላ ፓንክረስት በ2003 እ.ኤ.አ. ስለተገለሉ የኢትዮጵያ ማኅበረሰቦች ባሳተሙት መጽሐፍ ውስጥ የካፋ ታሪክ ራሱን የቻለ ምዕራፍ ይዟል። አንዲትን ሰንጢ አገላብጣችሁ ብታዩ ታዲያ፣ ብረቱን የቀጠቀጠው ሌላ ነው፣ ብረቱ የጋለበትን ከሰል ያከሰለው ሌላ፣ ሰገባውን የፋቀው ሌላ። ሁሉም እጆች የተነኩባት ዕቃ ቤት ገባች። እጆቹ ውጭ ቀሩ።

ይሄ የካፋ ብቻ ጉዳይ ነው ብሎ የሚያስብ የሰሜን ወይም የሸዋ ልጅ ካለ ደግሞ አይፍጠን። «ቡዳ» የሚለውን ቃል ማን ላይ ነው የለጠፍነው? ሌሊት ጅብ ይሆናል ያልነው ማንን ነው? ቀጥቃጩን፣ ሸክላ ሠሪዋን፣ ፋቂውን አይደለም እንዴ? ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው ምክንያት መስደብን የሚከለክል አዋጅ ያወጡት ነገሩ አገር አቀፍ ስለነበረ ነው። አዋጁ ወጣ፤ ስድቡ ቀጠለ። በ1967ቱ የመሬት አዋጅ ደግሞ ብዙ ባለእጆች ለመጀመሪያ ጊዜ የመሬት ባለይዞታ ሆኑ፣ ገበሬ ማኅበር ገቡ፤ ወረቀት ላይ ከሌላው ገበሬ እኩል ሆኑ። ወረቀቱ ከማዕድ ይቀድማል። ዛሬ ትምህርት ቤት አንድ ዴስክ ላይ ይቀመጣሉ፣ ሕጉም ግልጽ ነው፣ ብዙ ነገር ተቀይሯል። ጋብቻ ላይ ሲደርስ ግን «የማን ልጅ ነው?» የምትለዋ ጥያቄ አሁንም ሹክ ትባላለች።

ስለዚህ ካፋ ውስጥ ሰንጢ እየሰበሰቡ ጓደኛ ማፍራት ከሳቮይ ወይም ከሚኪ የተለየ ክብደት አለው። እዚያ ሰብሳቢና ሠሪ ሻይ ቢጠጡ ዜና አይደለም። እዚህ ግን ከአንጥረኛው ጋር በአንድ ረከቦት ዙሪያ መቀመጥ ራሱ፣ ለአያቶቻችን ትውልድ የማይታሰብ ነበር።

ካፋ ድሮም ሰብሳቢ ያውቃታል። ፍሪድሪክ ዩሊዩስ ቢበር የሚባል የቪየና ሰው ነበር። ልጅነቱን በጫማ ሠሪ ዘንድ በሙያ ልምምድ ያሳለፈ፣ ዩኒቨርሲቲ ያልገባ፣ አማርኛን በራሱ ጥረት የተማረ። በ1897 እ.ኤ.አ. ራስ ወልደ ጊዮርጊስ የካፋን መንግሥት አሸንፈው የመጨረሻው ንጉሥ ጋኪ ሸሮቾ ከተማረከ ገና ስምንት ዓመት ሳይሞላ፣ በ1905 እ.ኤ.አ. ቢበር ካፋ ደረሰ። በ1909 ተመልሶ መጣ። የቤት ዕቃውን፣ ሥርዓቱን፣ ቋንቋውን፣ ታሪኩን እየጠየቀ ጻፈ፣ ዕቃም ሰበሰበ። በ1920 እና በ1923 እ.ኤ.አ. በሁለት ቅጽ ያሳተመው ሥራ እስከ ዛሬ ስለ ጥንቱ ካፋ የሚጽፍ ሁሉ የሚያገላብጠው ነው፤ ሁለተኛው ቅጽ በወጣ በዓመቱ ሞተ። የሰበሰበው ቪየና ነው ያለው።

ቢበርን ሳልወደው አልቀርም፤ አንድን ሩቅ አገር እንደዚያ መውደድ ቀላል አይደለም። ግን ሰብሳቢነቱ የዘመኑ ሰብሳቢነት ነው፦ ዕቃው ይሄዳል፣ ሰውየው ይቀራል። በዓለም ሙዚየሞች እንዲህ ካሉ ዕቃዎች አጠገብ የሚለጠፈውን ካርድ አስተውላችሁ ታውቃላችሁ? ብዙ ጊዜ የሰብሳቢው ስም አለ፣ ዓመተ ምሕረቱ አለ፣ የብሔረሰቡ ስም አለ። የሠሪው ስም የለም። ሥዕል ቢሆን ኖሮ «ሠዓሊው ማን ነው?» ይባል ነበር።

መንገድ ላይ እያለን አንድ ግጥምጥሞሽ ልንገራችሁ። ያ 1897፣ የካፋ መንግሥት የወደቀበት ዓመት፣ ካርል ኤልስነር የተባለ የስዊዘርላንድ ስለት ሠሪ ዛሬ መላው ዓለም የሚያውቃትን ባለ ብዙ ምላስ የመኮንኖች ሰንጢ በሰኔ ወር በሕግ ያስመዘገበበት ዓመት ነው። የካፋ ንጉሥ ዘውድም የሄደው ወደዚያው አገር ነው፤ የምኒልክ አማካሪ በነበረው በስዊሱ መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ በኩል። አፄ ኃይለ ሥላሴ በ1954 እ.ኤ.አ. ስዊዘርላንድን ሲጎበኙ ዘውዱ ወደ ኢትዮጵያ ተመለሰ። ዘውድ ሄዶ ሲመለስ ይመዘገባል። የካፋ ሰንጢ ስንት እንደሄደ የቆጠረ የለም።

እሺ፣ አንዳችሁ መሰብሰብ ልጀምር ብትሉስ? ብዙ ገንዘብ አይፈልግም። የሚፈልገው ጊዜ ነው።

መጀመሪያ፣ ቦንጋ ወይም በዙሪያዋ ካሉት የወረዳ ከተሞች ገበያ ስትወጡ ሸራ ላይ ከተዘረጋው ዕቃ ላይ ዘላችሁ «ስንት ነው?» አትበሉ። ሰላምታው ይቅደም። ሻጩ ሁልጊዜ ሠሪው ላይሆን ይችላል፤ «ማን ሠራት?» ብላችሁ ጠይቁ። ይህች ጥያቄ ቀላል ትመስላለች፤ ግን ሰውየው ሲጠየቅ ያደገው «ስንት ትቀንሳለህ?» ተብሎ ነው። ሠሪው አባት ወይም አያት ከሆነ ጋሼ፣ አባባ ብላችሁ ጥሩት፤ «አንተ ቀጥቃጭ» የሚለው አጠራር እዚያ ጥላ ሥር የሚሰማው ሌላ ትርጉም ይዞ ነው።

ስለቱን ስታዩ ብርሃን ላይ አዙሩት። የእጅ ሥራ ከሆነ የመዶሻ ጠባሳ ታያላችሁ፣ ውፍረቱም ከጀርባው ወደ አፉ እኩል አይወርድም። ያ ጉድለት አይደለም፤ ፊርማው ነው። የእያንዳንዱ አንጥረኛ ምት ይለያል፣ ጥቂት ካያችሁ በኋላ ማን እንደሠራው ሳይነገራችሁ መለየት ትጀምራላችሁ። የሚታጠፍ ሰንጢ ከሆነ ምስማሯን እዩ፤ ስለቱ ተከፍቶ ወደ ግራና ቀኝ የሚወዛወዝ ከሆነ መልሳችሁ ለሠሪው ስጡት፣ በሁለት ምት ያጠብቀዋል። እጀታው የከብት ቀንድ ወይም እንጨት ይሁን። የዝሆን ጥርስ ወይም የአውራሪስ ቀንድ ነው ከተባላችሁ ግን ጥሩ ቀን ተመኝታችሁ ሂዱ፤ ሕግም ያስጠይቃል፣ ደግሞም አብዛኛውን ጊዜ ውሸት ነው። በጣም አሮጌ፣ ከቤተ መንግሥት ወይም ከባላባት ቤት የወጣ የሚመስል ነገር ከቀረበላችሁም እንደዚሁ፤ የቅርስ ጥናትና ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 209/1992 የሚባል አለ፣ ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር አይወጣም። ዲያስፖራ ዘመድ «አንድ ላክልኝ» ቢላችሁ ከሳምንት በፊት የተቀጠቀጠችውን ላኩለት። እሷ ትበቃዋለች።

ከዚያ ጻፉ። ስልክ ይዛችኋል አይደል? ሰንጢውን ብቻ ፎቶ አንስታችሁ ለጓደኛ ከመላክ በፊት፣ ፈቃዱን ጠይቃችሁ የሠሪውን ስም፣ መንደሩን፣ ሙያውን ከማን እንደተማረ፣ ብረቱ ከምን እንደመጣ መዝግቡ። ከየትኛው መኪና የወጣ ባሌስትራ እንደሆነ የሚነግሯችሁ አሉ። ድምፁን ቅዱ ካላችሁም የወናፉን ድምፅ ቅዱ። ቢበር ያልነበረው መሣሪያ ኪሳችሁ ውስጥ አለ። እምቢ ካለ ደግሞ እምቢ ነው፤ ለመቶ ዓመታት በሙያው ሲሰደብ የኖረ ቤተሰብ ካሜራ ቢጠራጠር ምን ይገርማል?

አያያዝ ላይ አንድ ነገር ብቻ። ካፋ ዝናብ አገር ነው፤ በዓመት ከ1,500 ሚሊ ሜትር በላይ ይጥላል። የባሌስትራ ብረት ደግሞ ዝገት ይወዳል፤ እንደ ፋብሪካው የማይዝግ ብረት አይደለም። ሎሚ ወይም ብርቱካን ከቆረጣችሁበት ወዲያው ጥረጉት። ቤት ስታስቀምጡት ከቆዳ ሰገባው አውጡት፤ ቆዳ እርጥበት ይይዛል፣ ሰገባ ውስጥ ዓመት የከረመ ስለት ነጠብጣብ በልቶት ታገኙታላችሁ። ጥቂት ዘይት በጨርቅ ማሸት ይበቃዋል። ቀስ በቀስ ፊቱ ጥቁር ግራጫ ይሆናል፤ አትፈግፍጉት፣ ያ ቀለም ራሱ ከዝገት ይጠብቀዋል።

መደርደሪያ ላይ ብቻ ካኖራችሁት ግን አይዶለዱምም፣ ወደ ሠሪው የሚመልሳችሁም የለም። እኔ የማውቃቸው ጥቂት ሰብሳቢዎች ሰንጢያቸውን ይጠቀሙበታል፤ ሥጋ ይቆርጡበታል፣ ሸንኮራ ይልጡበታል፣ ለጓደኛ ያውሱታል። ሲዶለዱምባቸው ለምን ቤት ውስጥ እንደማይስሉት ጠይቄ ነበር። ለመሳል ብለው ጅማን አልፈው የሚሄዱ ሰዎች መልስ አይጠፋቸውም፤ አንዱ ቡናውን ይላል፣ አንዱ ማሩን፣ በተለይ የገተማ ዛፍ አብቦ ነጩ ማር የሚቆረጥበትን ወቅት። ሠሪውን ለማየት ነው የሚል የለም። ግን ሲሄዱ ባዶ እጃቸውን አይሄዱም፤ አዲስ አበባ ካለ ጋራዥ ለምነው ያገኙትን ቁራጭ ባሌስትራ ጆንያ ውስጥ ጠቅልለው ነው። አውቶቡስ ላይ ሲጫን ረዳቱ ሁልጊዜ ይጨቃጨቃል። ሰንጢዋን ደግሞ ፍተሻ ላይ እንዳትያዝ አፏን በወፍራም ካርቶን ሸፍናችሁ፣ ከላይ በሚጫነው ሻንጣ ውስጥ ነው የምታደርጓት፤ ኪሳችሁ ውስጥ አይደለም።